ከሲያትል እስከ ፌርባንክስ፦ ከጓደኞች ጋር በአርቪ ወደ አላስካ እንዴት መጓዝ ይቻላል

ከሲያትል ተነስቶ ካናዳን አቋርጦ አላስካ ውስጥ ፌርባንክስ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ወደ 2,200 ማይል ይረዝማል። ደርሶ መልሱ፣ በየመሃሉ ጎራ የሚባልባቸው ቦታዎች ሲጨመሩበት፣ 5,000 ማይል ገደማ ይሆናል። እኛ አራት ጓደኛሞች በአንድ አርቪ፣ ማለትም አልጋ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት በውስጡ ባለው መኪና፣ ሦስት ሳምንት ተጉዘንበታል። ከመሄዳችን በፊት የፈራነው ድቡንና ብርዱን ነበር። የፈተነን ግን እንቅልፍ ማጣት፣ የሽንት ቤቱ ታንክና ሒሳብ ናቸው። ሦስቱም ከቤት ሳይወጣ በንግግር ሊያልቁ የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ግማሹ መሪ ከመጨበጣችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

1. መቼ እንደምትሄዱ ቁረጡ

ሁለት ጥሩ ጊዜዎች አሉ። አንደኛው የጁን አጋማሽ ነው፤ በጁን 21 ፌርባንክስ ላይ ፀሐይ ወደ 22 ሰዓት ያህል አትጠልቅም። ደስ ይላል፤ እንቅልፍ ግን ይነሳል፤ ትንኙም ብዙ ነው። ሁለተኛው የኦገስት መጨረሻ ነው። ሌሊቱ መጨለም ይጀምራል፤ ሰማዩ ከጠራ በሰሜን በኩል አረንጓዴው የሰማይ ብርሃን፣ አውሮራ የሚሉት፣ ሊታይ ይችላል። ትንኙ ይቀንሳል፤ ዛፉም ቢጫ መልበስ ይጀምራል።

እኔ የኦገስቱን እመርጣለሁ። ለጾመኛም ይመቻል፤ ፍልሰታ ኦገስት 22 ይፈታል፣ በማግስቱ መነሳት ይቻላል። እኛ እንደዚያ አድርገን እንቁጣጣሽን ስንመለስ ከካናዳዋ ከተማ ከፕሪንስ ጆርጅ በስተሰሜን አከበርን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የዛፍ ቅጠል ሁሉ ቢጫ ነበር፤ አደይ አበባ የጎደለብን አልመሰለንም። አንድ ነገር አስቡበት፦ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ብዙ ካምፖችና አንዳንድ ነዳጅ ማደያዎች ይዘጋሉ።

ሦስት ሳምንት ከሌላችሁ ፌርባንክስን ተዉት። በሁለት ሳምንት ካናዳ ውስጥ ያለችው የዩኮን ግዛት ዋና ከተማ ዋይትሆርስ ድረስ ሄዶ መመለስ ሙሉ ጉዞ ነው።

2. መኪናውን ምረጡ

ለአራት ሰው ከ25 እስከ 28 ጫማ የሚረዝም፣ ከሹፌሩ ክፍል በላይ አልጋ ያለው ክላስ ሲ የሚባለው ዓይነት ይበቃል። ማስታወቂያው «ስድስት ሰው ያስተኛል» ቢልም አትመኑ። የምግብ ጠረጴዛው በየማታው ታጥፎ አልጋ የሚሆን ከሆነ፣ ቀድሞ የሚነቃ ሰው ቡናውን የሚያፈላበት ቦታ ያጣል።

ስትከራዩ አራት ነገር ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ፦ መኪናው ካናዳና አላስካ እንዲገባ ይፈቀዳል ወይ? የጠጠር መንገድ ላይ ኢንሹራንሱ ይሠራል ወይ? የፊት መስታወት ቢሰነጠቅ ማን ይከፍላል? ትርፍ ጎማ አለው ወይ? ሦስተኛው በእኛ ላይ ደርሷል። ከፊታችን ይሄድ የነበረ የጭነት መኪና ያፈናጠረው ጠጠር መስታወቱን መታው፤ ስንጥቁ ዋይትሆርስ እስክንደርስ የእጅ ክንድ ያህል ረዘመ። ውሉን በደንብ ስላላነበብን ከኪሳችን ከፈልን። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ሁልጊዜ ግን የሚጠገን ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ጠጠር ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ቀን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጋችሁ ሁላችሁም ተለማመዱ። የአርቪ ጅራት ከኋላ ጎማው አልፎ ስለሚወጣ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ጅራቱ ወደ ግራ ይጠርጋል። ነዳጅ ማደያ ላይ ምሰሶ የሚመታው በዚህ ነው። የመኪናውን ቁመት በጫማም በሜትርም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ፤ ካናዳ ድልድዩ ላይ የሚጻፈው በሜትር ነው።

3. ወረቀታችሁን አዘጋጁ

የአሜሪካ ዜጋ ፓስፖርት ይበቃዋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለካናዳ ቪዛ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ከግሪን ካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈበት የአገሩን ፓስፖርት ማሳየት አለበት። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ግሪን ካርድ ከያዝን በኋላ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችንን መሳቢያ ውስጥ እንረሳዋለን። ዛሬውኑ አውጥታችሁ ቀኑን እዩ፤ እድሳት ከጉዞው ብዙ ወራት ቀድሞ መጀመር አለበት። ሁለቱም የሌለው ሰው ቪዛ ማግኘቱን ሳያረጋግጥ የመኪና ቀብድ አይክፈል። ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበትም ሰው ድንበር ላይ ሊመለስ ስለሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሽጉጥ ይዛችሁ አትሂዱ። ማሪዋና በሁለቱም በኩል የሚፈቀድ ቢሆን እንኳ ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው። ለሰው መከላከያ የሚሸጠው በርበሬ መርጫ ካናዳ ውስጥ የተከለከለ ነው፤ ለድብ ተብሎ የተጻፈበት ግን ይፈቀዳል፣ ተሻግራችሁ እዚያው ግዙት። የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ተናገሩ። ሥጋ፣ እንቁላልና ትኩስ ፍራፍሬ ከተሻገሩ በኋላ መግዛቱ ጥያቄ ያሳጥራል።

4. ገንዘቡንና ሥራውን አስቀድማችሁ ተካፈሉ

ጓደኛሞች ስለ ገንዘብ መነጋገር ያፍራሉ። እንዳታፍሩ። ሁላችሁም እኩል አዋጡና አንድ ሰው እንደ እቁብ ዳኛ ይያዘው። ነዳጅ፣ ካምፕ፣ ፕሮፔንና የጋራ ምግብ ከዚያ ይከፈላል፤ የግል ሻይና የግል ስጦታ ከየኪስ ነው። ነዳጁን እንዲህ አስሉት፦ እንዲህ ያለ መኪና በአንድ ጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ይሄዳል። 5,000 ማይል ለ9 ሲካፈል ወደ 556 ጋሎን ይመጣል። ካናዳ ዋጋው የሚጻፈው በሊትር ስለሆነ በ3.8 አባዙት፤ ወደ ሰሜን በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ይጨምራል።

ሥራውን ተራ አስይዙት። የሚነዳ፣ አጠገቡ ተቀምጦ መንገድ የሚያይ፣ የሚያበስል፣ ታንክ የሚያፈስ። በየቀኑ አንድ እርምጃ ይዙር። እኛ የመጀመሪያዎቹን ቀናት «የቻለ ይሥራ» ብለን ጀመርን፤ የሚችለው ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ሆነ፤ በአምስተኛው ቀን ዝም አለ። የጠየቅነው ማታ እሳት ዳር ነው፤ ይቅርታ ጠይቀን ተራውን ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍነው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልተኳረፍንም።

5. ስንቅ አዘጋጁ

ድርቆሽ ለዚህ መንገድ የተፈጠረ ይመስላል። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ቦታ አይዝም፣ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። ለአራት ሰው ሦስት ሳምንት አንድ ትልቅ ከረጢት ይዘን ሄድን፤ ስንመለስ ባዶ ነበር። እርጥብ እንጀራ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ብቻ ያዙ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ አይቅርባችሁ። አትክልትና ሥጋ ፕሪንስ ጆርጅ፣ ፎርት ኔልሰንና ዋይትሆርስ ላይ ይገኛል። በመሃል ባሉት ትናንሽ ማረፊያዎች ያለው ጥቂት ነው፤ ውድም ነው።

ስለ ቡና የምለውን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ከሰል መኪናው ውስጥ በፍጹም እንዳይገባ። መስኮት ተከፍቶም ቢሆን አይሆንም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። ቡናውን ውጭ ቁሉ፣ ውጭ አፍሉ፤ ዕጣኑም ውጭ ይጨስ። ስትረከቡ የጋዝና የጭስ ማስጠንቀቂያዎቹን ቁልፍ ተጭናችሁ መሥራታቸውን አረጋግጡ።

6. ውሃውንና ታንኩን ልመዱ

አርቪ ሦስት ታንክ አለው፦ ንጹሕ ውሃ፣ የእጣቢ ውሃ፣ የሽንት ቤት። የሽንት ቤቱ ታንክ መክፈቻ ካምፕ ላይ ከመስመር ጋር ተያይዞ እንኳ ቢሆን ዝግ ይሁን። ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ቀድሞ ይሄዳል፤ ጠጣሩ ታች ይጋገራል። ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲሞላ ደምፕ ስቴሽን የሚባለውን የታንክ ማፍሰሻ ቦታ ፈልጉ። ጓንት አድርጉ፤ ቱቦውን አጥብቃችሁ ግጠሙ፤ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የእጣቢውን ክፈቱ። የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦት ይወጣል። የመጠጥ ውሃ ቱቦ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከዚያኛው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ እንዳይገባ። ሜዳ ላይ መድፋት ወንጀልም ነውርም ነው።

7. በቀን ከ500 ኪሎ ሜትር አትለፉ

በመጀመሪያው ቀን ደስታው ገፋፍቶን 900 ኪሎ ሜትር ነዳን። በማግስቱ ማንም ምንም ማየት አልፈለገም። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ወሰንን፤ በየአራት ቀኑም አንድ ቀን አረፍን።

የአላስካ ሃይዌይ የሚጀምረው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ዶሰን ክሪክ ከተማ ነው፤ የዜሮ ማይል ምሰሶው እዚያ ቆሟል። ፎርት ኔልሰን 454 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ለእኔ የመንገዱ ልብ ነው፦ 1,295 ሜትር ላይ የሚገኘው የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ፣ አረንጓዴው የመንቾ ሐይቅ፣ ቀጥሎ የሊያርድ ፍል ውሃ። ሊያርድ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ። ረግረጉን በእንጨት መተላለፊያ ተሻግራችሁ ጫካ መሃል ያለውን ፍል ውሃ ስታገኙ ወንዶ ገነት ትዝ ይላችኋል። ከሊያርድ በኋላ የዱር ጎሽ መንጋ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ጥሩምባ አትንፉበት፤ መብራት አብርታችሁ ጠብቁ። ሲመሽና ሲነጋ አትንዱ፤ ሙስ የሚባለው ትልቅ አጋዘን የሚሻገረው ያኔ ነው። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ። ስልክ ለሰዓታት ስለማይሠራ የወረቀት ካርታ ያዙ።

ከዋይትሆርስ በኋላ የክሉዋኒ ሐይቅን አልፋችሁ እስከ አላስካ ድንበር ያለው መንገድ ወጣ ገባ ነው። ከሥሩ ያለው በረዶ የሆነ መሬት ሲቀልጥና ተመልሶ ሲቀዘቅዝ አስፋልቱን እንደ ማዕበል ያነሳዋል። በቀስታ ሂዱ፤ ካልሆነ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወለል ላይ ይዘረገፋል።

ይህን መንገድ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1942 ከማርች እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት ቀደዱት። ከወታደሮቹ ሲሦው ገደማ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከነጮቹ ተለይተው በተደራጁ ክፍሎች፣ በድንኳን እያደሩ ሠሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቢቨር ክሪክ አጠገብ ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡት ቡድኖች ሲገናኙ፣ አንደኛውን ቡልዶዘር ይነዳ የነበረው ሬፋይንስ ሲምስ የሚባል ጥቁር ኮርፖራል ነው። እዚያ ስትደርሱ መኪናውን አቁማችሁ ውረዱ።

8. ሰሌዳ ይዛችሁ ሂዱ

ከሊያርድና ከዋይትሆርስ መሃል ባለችው ዋትሰን ሌክ ላይ የምልክት ጫካ የሚባል ቦታ አለ። በ1942 ካርል ሊንድሊ የተባለ ወታደር አገሩ ናፍቆት የከተማውን ስምና ርቀት ጽፎ ሰቀለ፤ ዛሬ ከመላው ዓለም የመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰሌዳዎች በየምሰሶው ተደርድረዋል። ከቤት ሳትወጡ የትውልድ ከተማችሁን ስም በፊደላችን የጻፋችሁበት ጣውላ፣ መዶሻና ሚስማር ጫኑ። ስትሄዱ ቦታ ምረጡ፤ ስትመለሱ የደረሳችሁበትን ቀን ጨምራችሁ ስቀሉት። የእኛ ባለ ሁለት መስመር ነው፦ ላይኛው «ደሴ»፣ ታችኛው «አራት ሆነን ሄደን አራት ሆነን ተመለስን»።