ዘመድ ጥየቃ ባሕር ዳር ስትመጡ እነዚህን አትሳሳቱ

ወንድሜ ባለፈው ጥር ከነቤተሰቡ ከጀርመን መጥቶ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። ዐሥራ አንድ ዓመት አልመጣም ነበር። ከሄደ በኋላ እኔና እናቴ የሳቅንበትም የተሸማቀቅንበትም ብዙ ነው። ባሕር ዳር እናት ያላችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንብቡት።

ቀኑን በፈረንጅ ብቻ መናገር

ታኅሣሥ ላይ ደውሎ «በዐሥራ አንድ እንገባለን» አለ። እናቴ ስልኩን ሳትዘጋ እልል አለች። ጥር 11 ጥምቀት ነዋ! እሱ የሚያወራው ለካ ስለ ጃንዋሪ 11 ነው። ያ በእኛ ጥር 3 ነው።

እናላችሁ አንድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጠላው ገና ጥንስስ ነው። በጉ አልተገዛም። ሶፋው ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። እናቴ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ በፌስታል ጠቅልላዋለች። ልጆቹ አያታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋት እንዲያ ሆና ነው። ወንድሜ ኤርፖርት ቆሞ ቆሞ ሰው ሲያጣ፣ ስልኩም አልሠራ ሲለው፣ አራት ሻንጣውን ጭኖ በኮንትራት መጣ።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ላኩ። ሰዓቱንም እንደዚያው። ትኬታችሁ ላይ 07:00 ያለው ለእናንተ ሰባት ነው፣ ለእናታችሁ ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው።

ማን እንዳረፈ ሳይጠይቁ ሰፈር መውጣት

በማግሥቱ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጣ። በር ላይ የጎረቤታችንን እትዬን አገኛቸው። አቅፎ ሳማቸው። ከዚያ እየሳቀ «ጋሼስ? ዛሬም ዳማ ይጫወታሉ?» አላቸው።

ጋሼ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አደረጉና «ደህና ናቸው ልጄ፣ እግዜር ጋ ናቸው» አሉት። ዳቦውን ሳይገዛ ተመለሰ።

ጥፋቱ የእኛም ነው። ውጭ ላለ ሰው «ብቻውን እንዳይደነግጥ» እያልን ሞት እንደብቃለን። መርዶ በስልክ አይነገርም እንላለን፣ ከዚያ ሳንነግረው እንረሳዋለን። ስለዚህ እናንተ ጠይቁ። እህታችሁን ያዙና «ከሄድኩ ወዲህ ማን ማን አረፈ?» በሏት። ጻፉት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ለቅሶ መድረሻ አድርጓቸው። ጣና የትም አይሄድም። «ከጀርመን ድረስ መጥቶ ጀልባ ሲሳፈር ዋለ፣ እኛ ቤት ግን አልደረሰም» የተባለ እንደሆነ፣ እዚህ ቀርታ የምትሰማው እናታችሁ ናት።

ሐይቁን አውቀዋለሁ ማለት

ዳሩ ላይ ስላደግን የምናውቀው ይመስለናል። ወንድሜ ምሳ ከበላን በኋላ «ዘጌ እንሂድ» አለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሣል። ሚስቱ እስክንመለስ ሆዷን እንደያዘች ነበር። ዘጌ፣ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ የሚኬደው በማለዳ ነው።

ከዚያ ትምህርት ወስዶ ሌላ ቀን በማለዳ ክብራን ገብርኤል ይዟቸው ሄደ። እዚያ ደግሞ ሴት አይገባም። ባለጀልባው የአገሩ ልጅ ነው፣ ያውቃል ብሎ ዝም አለ። ሚስቱና ልጅቷ ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ቆዩ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ «ለምን?» ብላ የጠየቀችው እስከ ዛሬ የመለሰላት የለም።

ልጆቻችሁን ዳር ላይ ውሃ አታስገቡ። ብልሃርዝያ አለ። ትሉ የሚራባው በዳሩ ሣር ውስጥ ባለችው ትንሽ ቀንድ አውጣ ላይ ነው። «እኛስ ስንዋኝ አላደግንም?» የሚለውን ተዉት። አድገናል፣ ታመንም ነበር። ወባም አለ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ እንደ አዲስ አበባ አታስቧት። አጎበር ሲሰቀልላችሁ «ሞቀኝ» ብላችሁ አትግለጡት። መስከረምና ጥቅምት ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ጢስ ዓባይን በበጋ መጠበቅ

በድሮዋ አንድ ብር ጀርባ ላይ የነበረውን ፏፏቴ ጥር ላይ አያለሁ ብላችሁ 30 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ትናደዳላችሁ። ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል። ነሐሴ ወይም መስከረም ኑ።

መንገድ ካነሣን አይቀር፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ልምጣ የምትሉ በዚህ ጊዜ እዚህ ያለ ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ረቡዕ ዶሮ ማማር

ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ረስታችሁት ከሆነ አስታውሱ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ እናቴ ፊት ባታነሡት ይሻላል።

በየቀኑ ፕሮግራም መያዝ

እኔን በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ወንድሜ ከአልጋው ሲወርድ የመጀመሪያ ቃሉ «ዛሬ ፕሮግራማችን ምንድን ነው?» ሆነ። ዘጌ፣ ቤዛዊት፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ፎቶ፣ ማታ አሳ ለብለብ። እናቴ ጠዋት ቡናውን ታቀራርባለች፣ አቦሉን ጠጥቶ ይነሣል። ቶናውን ከእኔ ጋር ትጠጣለች። በረካ ላይ ብቻዋን ናት። ምንም አትልም። ሲኒውን ታጥባለች።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መብራት ሄደ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። የተቀጠረው መኪናም ሳይመጣ ቀረ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ዶሮ ማባረር ጀመሩ። ወንድሜ ስልኩን ሦስት ጊዜ አይቶ ኪሱ ከተተና ማንጎው ሥር ከእናቴ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እሷ ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱን በአንድ በኩል ያዘላትና እሱም መልቀም ጀመረ። ብዙ ሰዓት አላወሩም።

በኋላ እናቴ ቀና ሳትል «ያቺ የአባትህ ብስክሌት አልተሰረቀችም» አለችው።

«ምን?»

«ለፓስፖርትህና ለመንገድህ ሸጧት ነው። ተሰረቀች ያለህ እንዳትመልሰው ብሎ ነው።»

አባባ ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል። እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሰውዬው እስኪያርፍ ድረስ ሥራ የሄደው በእግሩ ነው። ወንድሜ ሰፌዱን እንደያዘ ቀረ። ትንሹ ልጅ ዶሮዋን ይዞ እየሮጠ መጥቶ «አያቴ፣ ነከሰችኝ» እስኪላት ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

ሦስት ሳምንት ካላችሁ ቢያንስ አምስቱን ቀን ባዶ ተዉት። መብራት እስኪጠፋ አትጠብቁ። በዚያ ቀን የትም አትሂዱ፣ ማንንም አትቅጠሩ፣ በረካውን ጠጡ።

ሻንጣውን እናት እንድትሞላው መተው

መጀመሪያ ኪሎው አለ። ከዚያ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ከውጭ አያስገቡም። ቅቤም የወተት ውጤት ነው። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «ለገዛ ልጄ ነው'ኮ፣ ለመንግሥታቸው አልሰጠሁት» ትላለች። እሺ አለችና ማታ ሻንጣውን ስንመዝን 4 ኪሎ ተርፎ ተገኘ። ስንከፍተው የልጅቷ ሹራብ ውስጥ በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ ቅቤ አለ።

በርበሬውና ሽሮው ጀርመን ገባ። ቅቤውን እኛ ቤት ዐቢይ ጾም እስኪያዝ በላነው።