የሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር እድሳት፦ መለካት ከመግዛት ይቀድማል

ሆንዳ ሲቢ 750 የተባለችው ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1968 በቶኪዮ የተሽከርካሪ ትርኢት ታይታ በ1969 ለገበያ ስትቀርብ፣ እስከዚያ ድረስ ከእሽቅድምድም ሜዳ ውጭ እምብዛም የማይታየውን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ለተራው ጋላቢ አደረሰች። ሞተሩ 736 ሲሲ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 61፣ የፒስተኑ ምልልስ 63 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በደቂቃ 8,000 ዙር ላይ 67 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ዛሬ ከእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ለዓመታት ቆመው ከቆዩ በኋላ «ካርቡራተሩ ብቻ ነው የሚፈልገው» እየተባሉ ይሸጣሉ። ገዢው ይህን አምኖ፣ ወይም በተቃራኒው ፈርቶ፣ ሞተሩን ሳይከፍት የፒስተን፣ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና የጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ስብስብ ያዝዛል። በእኔ እምነት የእድሳት ገንዘብ በዋናነት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ምን እንዳለቀ ማይክሮሜትሩ ሳይናገር የተገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ ልኩ ስለማይገጥም መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የፋብሪካውን የጥገና መመሪያ ማግኘት ያስፈልጋል። ሞዴሉ በየዓመቱ ስለተለዋወጠ መመሪያው ከሞተሩ ቁጥር ጋር መመሳከር አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሺህ አራት መቶ ገደማ ሞተሮች ካርተራቸው (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ሸካራ ገጽ ያለውና ሰብሳቢዎች «የአሸዋ ቅጥ» እያሉ የሚጠሩት ስለሆነ፣ ቁጥሩ በዚያ ውስጥ ከወደቀ ካርተሩን ማለስለስም ሆነ ማንጸባረቅ ዋጋውን መቀነስ ነው። ቀጥሎ ከፊተኛው የሰንሰለት ጥርስ በስተጀርባ ያለውን የካርተር ግድግዳ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። በቀደሙት ሞዴሎች የኋላ ጎማ ሰንሰለት ሲበጠስ እዚያው ተጠቅልሎ ካርተሩን ይሰነጥቅ ስለነበር፣ የብየዳ ጠባሳ ማግኘት የተለመደ ነው። ብየዳው ደህና ከሆነ ሞተሩ ይሠራል፤ ዋጋው ላይ ግን መነጋገር ይገባል።

ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር ካለ የኪክ መርገጫውን በጉልበት መምታት ፋሻ ይሰብራል። ካንዴላዎቹን ፈትተው በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያፍስሱና ለጥቂት ቀናት ይተዉት። ከዚያም በስተቀኝ በኩል የፑንቲናውን (የማቀጣጠያ መቆራረጫውን) ክዳን ከፍተው፣ በክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ባለው 23 ሚሊ ሜትር ዳዶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በትንሽ በትንሹ ያነቃንቁት። መሐል ላይ ባለችው በቀጭኗ ብሎን ለማዞር መሞከር ግን ብሎኗን ቆርጦ ማስቀረት ነው። ሞተሩ የሚዞር ከሆነ ከመፈታቱ በፊት የኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ልኬት ይወሰድ። በጤነኛ ሞተር ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 12 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ግፊት ይጠበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዝቅ ያለውን ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ይለኩት፤ ንባቡ ከፍ ካለ ችግሩ ከፋሻው ነው፣ ካልተለወጠ ደግሞ ከቫልቩ።

በዚህ ሞዴል የላይኛው የቫልቭ ክዳን ሞተሩ ከሻሲው ሳይወርድ አይወጣም፤ ስለዚህ የቴስታታ (የሲሊንደር ራስ) ሥራ ሁሉ ሞተር ማውረድን ይጨምራል። ሞተሩ 80 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በሁለት ሰው ወይም በመኪና ክሪክ ታግዞ በሻሲው ቀኝ በኩል ይወጣል። ዘይቱ አስቀድሞ ከሁለት ቦታ ማለትም ከጎን ካለው የዘይት ታንክና ከታች ካለው ኮፓ (የዘይት ማጠራቀሚያ) መቀዳት አለበት። በኮፓው ውስጥ የሚገኘው ዝቃጭ ስለሞተሩ ሕይወት ብዙ ይናገራልና በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሶ ማየት ጥሩ ነው። ጥቂት ግራጫ ዱቄት የፍሪሲዮንና የማርሽ መታሸት ነው። የሚያብረቀርቅ ቅጠል መሰል ብረት ከተገኘ ግን የብሮንዚኒ (ክራንክሻፍቱ የሚያርፍባቸው ሽፋኖች) መላጥን ያመለክታል፣ ያን ጊዜ የታችኛውን ክፍል ከመክፈት ማምለጫ የለም።

የጎን ክዳኖቹን የያዙት ባለ መስቀል ብሎኖች ለብዙ ጀማሪ የመጀመሪያው ፈተና ናቸው። እነዚህ በጃፓን መስፈርት የተሠሩ ስለሆኑ ተራው ካቻቢቴ ተንሸራቶ ጭንቅላታቸውን ይበላዋል። የጃፓኑን መስፈርት የተከተለ ካቻቢቴና በመዶሻ ሲመታ የሚዞር መፍቻ መግዛት ከማንኛውም መለዋወጫ በፊት የሚመጣ ወጪ ነው። ብሎኖቹ ሲወጡ ርዝመታቸው የተለያየ መሆኑ ይታያል፤ የክዳኑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ስለው እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ቢሰኩት መልሶ መግጠሙ ይቀላል።

ቫልቭ ክዳኑ ከተነሳ በኋላ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው የካም ሰንሰለት ወጣሪ ይላላል፣ የካምሻፍቱ ጥርስ ተፈትቶ ይንሸራተታል፣ ሰንሰለቱም ወደ ታች እንዳይወድቅ በሽቦ ይታሰራል። የሮከሮቹን (ቫልቮቹን የሚጫኑት ማንሻዎች) እና የቫልቮቹን ቦታ በቁጥር በተጻፈባቸው ከረጢቶች ለይቶ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ አብረው የተፋጩ ብረቶች ቦታ ሲለዋወጡ እንደ አዲስ መበላላት ይጀምራሉ። ቴስታታውና ሲሊንደሩ ተጣብቀው እምቢ ካሉ በላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን መምታት እንጂ በክንፎቹ መካከል ካቻቢቴ ሰክቶ መፈልቀቅ አይገባም። አሮጌ የአሉሚኒየም ክንፍ በቀላሉ ይሰበራል፤ ተበይዶም ቢሆን ጠባሳው አይጠፋም።

አሁን ልኬት ይጀመራል። አዲስ ሲሊንደር 61.01 እስከ 61.02 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 61.1 ከደረሰ መቦረሽ፣ ማለትም በማሽን መስፋት፣ አለበት። ልኬቱ በላይ፣ በመሐልና በታች፣ በእያንዳንዱም ከፍታ በሁለት አቅጣጫ ይወሰድ፤ ሲሊንደር በብዛት የሚያልቀው ፋሻው በሚመላለስበት በላይኛው ክፍል ስለሆነ የታችኛው ንባብ ብቻውን ያታልላል። ከፋሻዎቹ አንዱን ወደ ሲሊንደሩ ከተው በፒስተን ራስ ቀጥ አድርገው ይግፉትና በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው፣ 0.7 ከሆነ ፋሻው አልቋል። ሲሊንደሩ ክብነቱን ካላጣና ከገደቡ በታች ከሆነ አዲስ ፋሻና ቀላል ማሻከር ይበቃዋል። ካለፈ ግን ትርፍ ልክ ያላቸው ፒስተኖች በ0.25 ልዩነት እስከ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚገኙ፣ መጀመሪያ ፒስተኖቹ ተገዝተው ከሲሊንደሩ ጋር ወደ ሬክቲፊካ (የሞተር ማሽን ሥራ) ቤት ይወሰዱ። ሲሊንደር አስቀድሞ አስቦርሾ ፒስተን መፈለግ ሥራውን በግልባጩ መሥራት ነው፤ ቦርሺው ሲሊንደሩን በእጁ ለያዘው ለያንዳንዱ ፒስተን ልክ ያወጣልና።

በቴስታታው በኩል የቫልቭ ጋይዶች (ቫልቩ የሚመላለስባቸው ቱቦዎች) መላላት በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ጉዳይ ነው። ቫልቩን ጥቂት ከፍ አድርገው ግራና ቀኝ ሲወዘውዙት በእጅ የሚሰማ መላወስ ካለ ጋይዱ ይቀየራል፤ ጋይዱ ከተቀየረ ደግሞ መቀመጫው እንደገና መቆረጥ ስላለበት ሥራው የባለሙያ ነው። ቫልቮቹ በማፋጫ ቅባት (ፓስታ) ከተፋጩ በኋላ ቴስታታውን ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን አዙረው በመግቢያና በመውጫ ቀዳዳዎቹ ቤንዚን ያፍስሱ፤ ለጥቂት ደቂቃ በቫልቩ ዙሪያ ርጥበት ካልታየ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። የቫልቭ ጎሚኒዎቹ (የዘይት ማገጃ ላስቲኮች) ግን ደህና ቢመስሉም ይቀየሩ፤ ከዕድሜ ብዛት ደርቀዋል።

የታችኛው ክፍል ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለው ብዙ ያከራክራል። ዝቃጩ ንጹሕ ከሆነ፣ ማርሾቹ ሁሉ በትክክል ከገቡና ቢዬላዎቹ (ፒስተኖቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች) ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፉ የማይላወሱ ከሆነ፣ ካርተሩን ለሁለት ባትከፍሉት ይሻላል እላለሁ። ክራንክሻፍቱ በአምስት ብሮንዚኒ ላይ የተቀመጠ ጠንካራ ሥራ ነው፤ ሥርዓት ያለው የዘይት ቅያሪ ያገኘ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይኖራል። ከተከፈተ ግን የብሮንዚኒው ክፍተት በፕላስቲክ ክር መለኪያ ይወሰድ፣ አዲሱ ብሮንዚኒ በካርተሩና በክራንክሻፍቱ ላይ በተቀረጹት ምልክቶች መሠረት በቀለሙ ይመረጥ፣ ኃይልን ወደ ፍሪሲዮን የሚያስተላልፉት ሁለቱ ሰንሰለቶችም መወጠራቸው ይታይ።

ከጽዳት በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ ሰው አሉሚኒየሙን አዲስ ለማስመሰል በአሸዋ ወይም በመስተዋት ዱቄት ያስነፋል። ያ ዱቄት በዘይት መንገዶችና በብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ተቀርቅሮ ሞተሩ ሲነሳ ከዘይቱ ጋር ወደ ብሮንዚኒ ይሄዳል፤ መልኩ አምሮ ዕድሜው ያጠረ ሞተር እንዲህ ይፈጠራል። ውጪውን ለማሳመር በውኃ ግፊት የሚሠራው ዘዴ የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው፣ ከዚያም እያንዳንዱ የዘይት መንገድ በሽቦ ብሩሽ፣ በሙቅ የሳሙና ውኃና በአየር ግፊት ተጠርጎ። የተቦረሸ ሲሊንደርም በቤንዚን ብቻ አይጸዳም። በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ በዘይት የራሰ ነጭ ጨርቅ ሲተሽበት ግራጫ ቀለም እስከማይወጣ ድረስ ይደጋገማል።

በዚህ ሞተር ላይ ከሁሉ በላይ ትኩረት የምሰጠው ለሁለት ትንንሽ ቁርጥራጮች ነው። በሲሊንደሩና በቴስታታው መገናኛ ላይ፣ ወደ ካምሻፍቱ የሚወጣውን ዘይት መጠን የሚወስኑ ሁለት የዘይት ጀቶች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው በመሐላቸው ቀጭን ቀዳዳ፣ በዙሪያቸው ኦሪንግ (የላስቲክ ማሸጊያ ቀለበት) አላቸው። ቀዳዳው በተቃጠለ ዘይት ከተደፈነ ካምሻፍቱና ሮከሮቹ ደርቀው ይፋቃሉ። ኦሪንጉ ከተረሳ ወይም አሮጌው ከተመለሰ ደግሞ በግፊት የሚወጣው ዘይት በጓርኒሲዮኑ ዳር ሾልኮ በክንፎቹ ላይ ይፈሳል፤ ሰው ይህን አይቶ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ ይላል። ስለዚህ ቴስታታው ከመቀመጡ በፊት ጀቶቹ በብርሃን ፊት ተይዘው ቀዳዳቸው ይታይ፣ ኦሪንጋቸው አዲስና ሙቀት የሚችል ይሁን፣ ቦታቸው ላይ መቀመጣቸውም በጣት ይዳሰስ።

ሲገጣጠም ፋሻዎቹ ምልክታቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ ክፍተቶቻቸው በአንድ መስመር እንዳይውሉ ተበትነው ይገባሉ። የፒስተን ፒን መያዣ ቀለበቶች ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ፤ ሲገቡም የካርተሩ አፍ በጨርቅ ይደፈን፣ ቀለበቷ ተስፈንጥራ ከገባች ካርተር መክፈት ሊመጣ ይችላልና። አንደኛውና አራተኛው ፒስተን አብረው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛውም አብረው ስለሚመላለሱ፣ መጀመሪያ መሐለኞቹን ከፍ አድርገው በእንጨት ደግፈው ሲሊንደሩን ያውርዱ፣ ቀጥሎ ዳረኞቹን። የቴስታታው ዳዶዎች ከመሐል ወደ ውጭ በመስቀልኛ ቅደም ተከተል፣ በሦስት ዙር እየተጨመረ፣ እስከ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠበቃሉ። ሞተሩ ሻሲው ላይ ከወጣ በኋላ ክዳኑ ስለማይከፈት፣ አንድ ሌሊት አሳድሮ ጥብቀቱን እንደገና መፈተሽ ብልህነት ነው። የካም ሰዓት (ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር የሚጣጣሙበት ቅንብር) የሚያዘው የአንደኛና የአራተኛ ሲሊንደር የቲ ምልክት (ፒስተኖቹ ጫፍ ላይ መድረሳቸውን የሚያሳየው) ከመስመሩ ሲገጥም፣ በካምሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ጭረት ከቴስታታው የላይኛ ገጽ ጋር ትይዩ ሲሆን ነው። ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ የሆነ ቦታ ላይ ቢይዝ ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ማስገደድ አይገባም።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ለመግቢያው 0.05፣ ለመውጫው 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። የፑንቲና ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4፣ የካንዴላ ደግሞ ከ0.6 እስከ 0.7 ይሁን። የማቀጣጠል ቅደም ተከተሉ 1-2-4-3 ነው።

ከመነሳቱ በፊት የዘይት ግፊት መፈጠር አለበት። ሞተሩ ዘይቱን በጎን ታንክ የሚይዝ ስለሆነ አዲስ የተገጣጠመ ፓምፕ ባዶ ሊሆን ይችላል። 3.5 ሊትር ገደማ ለፍሪሲዮንም የሚስማማ ጃሶ ኤምኤ ምልክት ያለው ዘይት ሞልተው፣ ካንዴላዎቹ ወጥተው ሳሉ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በአጭር በአጭሩ በስታርተር ያዙሩት። ከተነሳ በኋላ በባዶ ዙር ለረጅም ጊዜ አይቁም። ፋሻ ከሲሊንደር ጋር የሚላመደው በጭነት ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ መንገድ አውጥተው መጠነኛ ጉልበት እየሰጡና እየለቀቁ ይንዱት። የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይቀየሩ፣ የቫልቩ ክፍተትም ያኔ እንደገና ይታይ፤ ማስተካከያው በትንንሾቹ ክዳኖች በኩል ስለሚደረስበት ለዚህ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም።

ሞተር ሳይክሏ ለሳምንታት ከቆመች በኋላ የታንኩ ዘይት ቀንሶ ቢገኝ ቸኩለው አይጨምሩ። በፓምፑ ላይ ያለው የመመለሻ መከላከያ ኦሪንግ ሲደርቅ ዘይቱ ቀስ ብሎ ወደ ኮፓው ይወርዳል፤ በላዩ ከተጨመረበት ሞተሩ ሲነሳ ትርፉ በመተንፈሻው ይተፋል። ሞተሩን አስነስተው ዘይቱ ወደ ታንኩ እስኪመለስ ለጥቂት ደቂቃ ካሠሩት በኋላ በመለኪያው ያንብቡት፤ ኮፓው በተከፈተ ቁጥርም ያንን ኦሪንግ ይቀይሩት።