የፕሬዚዳንቱ ፊርማ የእጅ ነው ወይስ የማሽን?
የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የፈረሙባቸውን መጻሕፍት የምትሰበስቡ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የፊርማውን ጥርት ያለ ፎቶ ጠይቁና በጨረታ ድረ ገጾች ላይ ከሚገኙ የዚያው ፕሬዚዳንት ፊርማዎች ጋር መጠናቸውን አስተካክላችሁ በስልካችሁ አንዱን በሌላው ላይ ደርቡት። የሰው እጅ ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት ፊርማ አይፈርምም፤ ስለዚህ መስመሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከገጠሙ ፊርማው የታተመ ነው፣ አለዚያም የፈረመው አውቶፔን የተባለው ማሽን ነው። በማጉያ መነጽርም ተመልከቱ፤ ማሽኑ ብዕሩን በእኩል ግፊት ስለሚጎትተው የመስመሩ ውፍረት አይለዋወጥም፣ መነሻውና መድረሻው ላይም ብዙ ጊዜ ደመቅ ያለ የቀለም ነጥብ ይታያል። ማሽኑን በብዛት የተጠቀሙትን የጆን ኤፍ ኬኔዲን ፊርማ ስትገዙ ይህን ፈጽሞ አትዝለሉ። ሆኖም አለመግጠሙ ብቻውን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ ጸሐፊዎቻቸውም በእርሳቸው ስም ይፈርሙ ነበርና።