ሸሚዝ ጀርባ ላይ ሳይጣበቅ ቢሮ ለመድረስ

አንድ ጊዜ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ያለኝን ምርጥ ልብስ ለብሼ ሄድኩ። ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ፣ ከውስጥ ልክክ ያለ ግራጫ ሸሚዝ። ቀኑ እሳት ነበር። ገና እንደተቀመጥኩ "ይሞቃል፣ ኮትዎን ያውልቁ" አሉኝ። አላወለቅኩም። እንዴት ብዬ! ከኮቱ ስር ሸሚዜ በብብትና በጀርባ በኩል የዓለም ካርታ ስሏል። ለ40 ደቂቃ ያህል ግንባሬን በመሀረብ እየጠረግኩ፣ ጫና ሲበዛ ተረጋግቼ እንደምሠራ አስረዳኋቸው። ሥራውን አላገኘሁም።

ያኔ ሙቀትና ሥርዓት ያለው አለባበስ አብረው የማይሄዱ መስሎኝ ነበር። ጉዱ ያለው ጨርቁና ልኩ ላይ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። እነዚህን ሁለቱን ካስተካከላችሁ ረጅም እጅጌ ሸሚዝና ሙሉ ሱሪ ለብሳችሁም ደህና ትውላላችሁ።

ከጨርቁ እንጀምር። ልብስ ስትገዙ አንገቱ ስር ወይም ጎኑ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ፖሊስተር ከበዛበት ለሙቀት ቀን አይሆናችሁም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥጥ በመደበኛ የአየር ሁኔታ ከአየሩ ላይ የክብደቱን 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፣ ሊነን (መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተልባ እግር የሚባለው) 12፣ የበግ ሱፍ ደግሞ 16 ገደማ። ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ላባችሁን የሚቀበለው የለም፣ እዚያው ቆዳችሁ ላይ ይተኛል። የስፖርት ፖሊስተር ለየት ይላል፣ ላቡን ወደ ውጭ እንዲያወጣ ተብሎ ነው የሚሠራው። ተራው የቢሮ ሸሚዝ ግን እንደሱ አይደለም።

ጥጥ ስለሆነ ብቻ ደግሞ አትታለሉ። ጂንስም ጥጥ ነው። አሠራሩን ማየት አለባችሁ፦ ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጉት፣ በክሮቹ መሀል ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ከታዩ አየር ያሳልፋል። ካልሆነም አፋችሁ ላይ አስጠግታችሁ እፍ በሉበት። ትንፋሻችሁ በወዲያኛው በኩል እጃችሁ ላይ ከተሰማችሁ ግዙት። ሻጩ በመገረም ያያችኋል፣ ይየው።

ሊነንን በሙቀት የሚስተካከለው የለም። ችግሩ መጨማደዱ ነው፣ ጠዋት ተኩሳችሁት ወጥታችሁ ቢሮ ስትደርሱ ተኝታችሁበት የተነሳችሁ ይመስላል። ለዚህ ሊነንና ጥጥ የተቀላቀለበትን ብትመርጡ ይሻላል። ንጹህ ሊነን ከሆነም ገና እርጥበት እያለው ነው መተኮስ ያለበት።

አሁን ስለ ሙሉ ልብስ። እኛ ማንኛውንም ሙሉ ልብስ "ሱፍ" ብለን እንጠራዋለን፣ ግማሹ ግን ጠብታ ሱፍ የለበትም፣ ፖሊስተር ነው። የሚገርመው እውነተኛው ስስ ሱፍ ለሙቀት ጥሩ መሆኑ ነው። አየር ያሳልፋል፣ ተጨማዶ ማታ ቢሰቀል ጠዋት ተዘርግቶ ይገኛል። ልብስ ሰፊ ጋ የምታሠሩ ከሆነ የጨርቁን ክብደት ጠይቁ፣ በአንድ ሜትር ከ250 ግራም ብዙ ያላለፈ ይሁን።

ሰው የሚረሳው ገበሩን ነው። ጨርቁ ምንም ጥሩ ቢሆን ውስጡ በፖሊስተር ገበር ከተሸፈነ ላስቲክ ለበሳችሁ ማለት ነው። የእኔ የቃለ መጠይቁ ኮት እንዲህ ነበር። በኋላ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ የጀርባውን ገበር አስወጣሁት፣ ትከሻውና እጅጌው ላይ ያለው ብቻ ቀረ። የስፌቶቹ ጠርዝ እንዳይተረተር መሸፈን አለበት፣ ያን ካልነገራችኋቸው ዝም ብለው ይቆርጡታል። ያው ኮት ነው እስካሁን በሙቀት የምለብሰው።

ጉርድ ቀሚስና ሱሪ ላይም ያው ነው። ገበሩ ፖሊስተር ከሆነ ጭን ላይ ይጣበቃል። ገበር የሌለው ወስዶ ከስሩ ስስ የጥጥ የውስጥ ጉርድ ማድረግ በጣም ይሻላል። እንደ እኔ እንደ እኔ ለሙቀት ቀን ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ወገቡ ያልጠበቀ ቀሚስን የሚያህል የለም። ቀበቶ የለ፣ እየወጣ የሚያስቸግር ሸሚዝ የለ። እጅጌ የሌለው መሥሪያ ቤታችሁ ካልፈቀደ እጅጌው ሰፋ ብሎ እስከ ክርን የሚደርሰውን ያዙ።

ልኩ ላይ ስንመጣ፣ ሁላችንም ሰውነት ላይ ልክክ ያለውን ስንወድ ቆይተናል። በሙቀት ግን ጠላታችሁ እሱ ነው። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር፦ በረሃ ውስጥ የሚኖሩ ቤዱዊኖች ለምን ጥቁር ቀሚስ ይለብሳሉ የሚል። ጥቁሩ ጨርቅ ከነጩ ይበልጥ ይሞቃል፣ ግን ሰፊ ስለሆነ ትርፉ ሙቀት ቆዳ ጋ ሳይደርስ በመሀል ባለው አየር ይወሰዳል፣ ለለባሹ ጥቁሩም ነጩም እኩል ሆኖ ተገኘ። ከቀለሙ ይልቅ በቆዳና በጨርቅ መሀል የሚያልፈው አየር ነው የሚያቀዘቅዘው። እንግዲህ ሸሚዛችሁን ለብሳችሁ ጎኑን በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ከየጎኑ ሦስት አራት ጣት ያህል ትርፍ ካለ ጥሩ ነው። ትከሻው ልክ እስከሆነ ድረስ ዝርክርክ አያስመስልም።

ቀለም የሚጠቅመው ላብ ለመደበቅ ነው። ነጭና ጥቁር ሰማያዊ ላብን ይሸፍናሉ። ግራጫና ውሃ ሰማያዊ ያጋልጣሉ፣ ከእኔ ተማሩ። ከሸሚዝ ስር ስስ ካናቴራ መልበስም ሙቀት የሚጨምር ይመስላል እንጂ ላቡን ቀድሞ ስለሚይዘው ሸሚዙን ያተርፋል። ከነጭ ሸሚዝ ስር ነጭ ካናቴራ ግን ወለል ብሎ ይታያል። ከቆዳችሁ ቀለም ጋር የሚቀራረብ ፈልጉ።

ጫማ ላይ ብዙ አልልም። ካልሲ አትተዉ፣ አጭሩን የማይታየውን አድርጉ፣ አንዱን የቆዳ ጫማ ደግሞ ሁለት ቀን አከታትላችሁ አታድርጉ፣ እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል።

ከምንም በላይ የሚያበላሸው መንገዱ ነው። ቢቻል በቲሸርት ሂዱና ሸሚዙን እዚያ ቀይሩ። ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ጀርባችሁን ያረጥበዋልና በእጅ ያዙት። ደግሞ ደርሳችሁ ወዲያው እንዳትቀይሩ። ሰውነት መራመድ ካቆመ በኋላም ላብ ማውጣቱን ወዲያው አያቆምም፣ ሰው ይሄን አያውቅም፣ ንጹሁን ሸሚዝ ይለብስና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያረጥበዋል። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ተቀመጡ፣ እጃችሁን እስከ ክርን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ ከዚያ ቀይሩ።

የቢሮው አየር ማቀዝቀዣ ሌላ ጣጣ ነው። ውጭ እየተጠበሳችሁ ውስጥ ትንቀጠቀጣላችሁ። አንድ ስስ ኮት ወንበራችሁ ጀርባ ላይ ይኑር፣ ድንገት ስብሰባ ቢጠራም እሱ ያድናችኋል። ኮትና ከረባት ግዴታ የሆነበት ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ አለቃችሁን ጠይቁ እንጂ። የጃፓን መንግሥት በ2005 (እ.ኤ.አ.) "ኩል ቢዝ" ብሎ የመንግሥት ሠራተኞቹን ራሱ ከረባት አስፈትቷል፣ የቢሮ ማቀዝቀዣ በበጋ 28 ዲግሪ ላይ እንዲሆን። እነሱ ከፈቱ ማን ይቀራል?

ዲዮዶራንት ሽታ ነው የሚከለክለው፣ ላብ የሚቀንሰው አሉሚኒየም ያለበት ነው። እሱን ማታ በደረቅ ብብት ላይ ነው መቀባት፣ ጠዋት እያላባችሁ ከተቀባችሁት ብዙም አይሠራም። ነጭ ሸሚዝ ብብቱ ላይ ቢጫ የሚሆነውም አሉሚኒየሙ ከላብ ጋር ሲገናኝ ነው። እንዲህ ያለ ሸሚዝ ቢጫው ሳይለቅ በካውያ አትተኩሱት፣ ሙቀቱ ያጸናውና ከዚያ በኋላ ብታጥቡትም አይለቅም።