አዲሱ ክላውንፊሽ አልለምድ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ክላውንፊሽ፣ ያቺን ብርቱካናማና ነጭ የሆነች ትንሽ የባሕር ዓሣ፣ ገዝታችሁ ቤት አስገብታችኋል። አኳሪየሙም ዓሣውም ያምራል፣ ግን የሆነ ነገር ልክ አልመስል ብሏችኋል። ምግብ አይነካም፣ ወይ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ውሃው አናት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል። በዚህ ሰዓት የአብዛኛው ሰው እጅ የሚሄደው ወደ መድኃኒት ነው። ቆይ፣ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ስንጥቡን እዩ። ከዓይኑ ኋላ ያለው፣ ሲተነፍስ የሚከፈትና የሚዘጋው ክዳን ማለቴ ነው። ሰላም የሆነ ክላውንፊሽ ክዳኑ ቀስ እያለ ስለሚንቀሳቀስ ተጠግታችሁ ካላያችሁት ልብም አትሉት። የተቸገረ ዓሣ ግን ክዳኑ እንደ ወናፍ ይከፈታል ይዘጋል፣ አፉም አብሮ ይሠራል፣ ከክፍሉ ማዶ ሆናችሁ ይታወቃችኋል። ትንፋሹ ረጋ ካለ ጊዜ አላችሁ፤ ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ነገሮች ብዙዎቹ በሽታ ሳይሆኑ ጠባይ ናቸው። ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ለነገ አይባልም።

ከዚያ አራት ነገር ለኩ፦ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ የጨው መጠን፣ ሙቀት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡ መርዞች ናቸው፣ ዜሮ መሆን አለባቸው። ጨው በጥግግት መለኪያ 1.026 አካባቢ፣ በሌላው መለኪያ 35 ፒፒቲ (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው)። ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ ፋራናይት ለለመዳችሁ ከ75 እስከ 81። ጨው የምትለኩበት ሪፍራክቶሜትር ራሱ ሊዋሽ ስለሚችል 35 ፒፒቲ የሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ ገዝታችሁ አስተካክሉት፤ ርካሽ ነው፣ ከብዙ ጣጣ ያድናል። እነዚህን ሳታውቁ ከየትኛውም ጠርሙስ ምንም አትጨምሩ።

በገባ በሰዓታት ውስጥ ይንገዳገዳል፣ ወደ ጎን ይጋደማል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጉዞው ነው፣ ወይም ከፌስታሉ ያወጣችሁበት መንገድ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ለዩአቸው።

አንደኛው የጨው ልዩነት ነው። ብዙ ሱቆች ዓሣ ብቻ የሚያስቀምጡበትን ውሃ ጨው ቀንሰው ይይዙታል፣ 1.019 ወይም 1.020 ላይ። ጨው ይቆጥብላቸዋል፣ ተባይም ይቀንስላቸዋል። እናንተ ጋ 1.026 ነው። ዓሣ ካነሰ ጨው ወደ በዛ ጨው ባንዴ ሲገባ ሰውነቱ ውሃ ያጣል። ጉዳቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወዲያው አይታይም፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን "ደህና ነበር እኮ፣ ምን ነካው?" ያስብላል። ከበዛ ወደ አነሰ ሲሆን በጣም ይሻለዋል። መፍትሄው ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራ ነው፦ ስንት ላይ እንደሚይዙት ሱቁን ጠይቁ፣ ለአዲስ ዓሣ ለብቻ ያዘጋጃችሁትን ትንሽ ገንዳ በዚያው ቁጥር አስተካክሉ፣ ከዚያ በየቀኑ በ0.001 ወይም በ0.002 እየጨመራችሁ ከዋናው አኳሪየም ጋር እኩል አድርሱት።

ሁለተኛው ፌስታሉ ውስጥ የተጠራቀመው አሞኒያ ነው። ዓሣው በፖስታ መጥቶ ሌሊቱን መንገድ ላይ ካደረ ይሄ የእናንተ ጉዳይ ነው። ሲተነፍስ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፣ ሲወርድ ውሃው አሲድ ይሆናል) ይወርዳል፣ ፒኤች ሲወርድ ደግሞ አሞኒያው ብዙም ወደማይጎዳ ዓይነት ይቀየራል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ በኖ ይወጣል፣ ፒኤች ከፍ ይላል፣ ያ አሞኒያ ወደ መርዝነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ፌስታሉን ከፍታችሁ በቀጭን ቱቦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ "እያለማመድኩት ነው" ስትሉ፣ እሱ መርዝ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚጠብቃችሁ። ረጅም መንገድ የመጣ ዓሣ ከሆነ ፌስታሉን ሳትከፍቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አኳሪየሙ ላይ አንሳፉት፣ ሙቀቱ ይመጣጠን፣ ክፈቱና ጨዉን ለኩ፣ ከተቀራረበ ዓሣውን ብቻ አውጥታችሁ አስገቡት። ከሰፈር ሱቅ በግማሽ ሰዓት ለመጣ ዓሣ ጠብታው ችግር የለውም። በሁለቱም መንገድ ግን የፌስታሉን ውሃ አኳሪየም ውስጥ አትድፉት።

አሁን ተጋድሞ ያለውስ? መብራት አጥፉ፣ አየር ማስገቢያ ካላችሁ ክፈቱ፣ ልጆቹን ከመስታወቱ አርቁ። መረብ ይዛችሁ አታሳድዱት። ከዚያ አሞኒያ ለኩ።

አይበላም

ሁለት ሦስት ቀን ካልበላ ምንም አይደል። አዲስ ውሃ፣ አዲስ ብርሃን፣ በመስታወቱ ማዶ የሚያፈጥ አዲስ ፊት፤ ማን ቢሆን ይጨነቃል። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ሱቁ ውስጥ ምን ይበላ ነበር?" ነው። ዛሬ ከምትገዟቸው ክላውንፊሾች ብዙዎቹ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ስለሆኑ ደረቅ ምግብ ለምደዋል፤ ከባሕር የተያዘው ግን ደረቁን ምግብነቱንም ላያውቀው ይችላል።

በረዶ የተደረገ ማይሲስ ወይም አርቴሚያ (ሽሪምፕ የሚመስሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ናቸው) በትንሽ የአኳሪየም ውሃ አሟሙታችሁ ስጡት። የውሃ መግፊያውን ፓምፕ ለአምስት ደቂቃ አጥፉ፣ ምግቡ አፍንጫው ስር ይውረድ። አንድ ነገር ተጠግታችሁ እዩ፦ ጎርሶ ወዲያው ይተፋል? እንግዲያው የምግብ ፍላጎት አለው፣ ፍሬው ነው የተለቀበት። ፍሬውን በጣታችሁ ሰባብሩት፣ ትንሽ ዘፍዝፉትና ሞክሩ። የተረፈውን ሁሉ አውጡ። አልበላም ብሎ ጨምሮ ጨምሮ መስጠት አሞኒያ መሥራት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ሳምንት አልፎ ሆዱ ወደ ውስጥ ከገባና ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር ከተከተለው የአንጀት ተባይ ጠርጥሩ። ያኔ ለብቻው አድርጉትና ከምግብ ጋር የሚሰጥ ሜትሮኒዳዞል የዓሣ ሐኪም ጠይቃችሁ ጀምሩ።

ጥግ ይዞ ቀርቷል፣ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ተደግፎ ይተኛል፣ አዋዋኙ ያስቃል

ይሄ ችግር አይደለም። ክላውንፊሽ እንደ ሌላው ዓሣ ቀጥ ብሎ አይዋኝም፣ ሙሉ ሰውነቱን እያወዛወዘ ነው የሚሄደው። ማታ ወደ ጎን ዘመም ብሎ ወይም ውሃው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሊተኛ ይችላል፤ ሌሊት መብራት አብርቶ ያየ ሰው የሞተ ይመስለዋል። አኔሞኒ (ክላውንፊሽ ባሕር ውስጥ የሚጠለልበት አበባ መሰል እንስሳ) አይቶ የማያውቅ ዓሣ ደግሞ ፓምፑን፣ ሂተሩን ወይም አንዱን ባዶ ጥግ ቤቴ ብሎ ሊይዝ ይችላል። ትንፋሹ ረጋ ብሎ፣ ምግብ ሲመጣ ብቅ ካለ ተዉት።

ይቃትታል

እዚህ ላይ ነው መሮጥ። ቁጥሮቹን እዩ።

አሞኒያ ከታየ አኳሪየሙ ገና አልበሰለም ማለት ነው። የዓሣን ቆሻሻ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ድንጋዩና ፊልተሩ ላይ እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ጥርት ስላለ በስሏል ማለት አይደለም። ሙቀቱና ጨዉ እኩል የሆነ አዲስ ውሃ አዘጋጅታችሁ ከሩብ እስከ ግማሽ ቀይሩ፣ አሞኒያን የሚያስር ፈሳሽና በጠርሙስ የሚሸጠውን ባክቴሪያ ጨምሩ፣ ለአንድ ቀን ምግብ አቁሙ፣ በማግስቱ እንደገና ለኩ። የቧንቧ ውሃ ከተጠቀማችሁ ክሎሪኑን የሚያጠፋ ፈሳሽ የግድ ነው፤ የሚሻለው ግን በአርኦ ማጣሪያ (በውሃው የሟሟውን አብዛኛውን ነገር የሚያስቀር ማጣሪያ) ያለፈ ውሃ ነው። ናይትራይት ብቻውን ትንሽ ቢታይ ያን ያህል አትደንግጡ፣ በጨዋማ ውሃ ውስጥ ጉዳቱ ከጨው አልባው በጣም ያነሰ ነው።

አሞኒያ ዜሮ ሆኖ አሁንም ከቃተተ ኦክስጅን ጠርጥሩ። የውሃው ላይ ቅባት የመሰለ ስስ ነገር ሠርቶ ከሆነ አየር አይገባም። የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሩት፣ የውሃው ፊት ይናወጥ። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ኤሲ ዘግታችሁ ከቤት ስትወጡ ይሄን አትርሱ። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትሞክሩ ደግሞ ሌላ ጉድ አለባችሁ፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ከዓሣው በፊት ግዙ።

ኦክስጅኑም አሞኒያውም ደህና ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፉ፣ ምናልባት በሽታ ነው።

ነጭ ነገር ወጣበት

ሦስት በሽታዎች አሉ፣ ሦስቱም ነጭ ይመስላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ክሪፕቶካርዮን፣ ብዙ ሰው የባሕር ኢች የሚለው። አንድ አንድ እያላችሁ ልትቆጥሯቸው የምትችሏቸው፣ የጨው ፍሬ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ክንፉና ሰውነቱ ላይ ይታያሉ። ዛሬ ታይተው ከነገ ወዲያ ይጠፋሉ። አልዳነም! ተባዩ ወርዶ አሸዋው ላይ እየተራባ ነው። ሁለተኛው አሚሎዲኒየም፣ ቬልቬት የሚባለው ነው። ነጠብጣቡ በጣም ደቃቅ ነው፣ አቧራ የነካው ይመስላል፣ በጎን በባትሪ ስታበሩበት ወርቃማ ሆኖ ይታያል፤ ዓሣው ብርሃን ይሸሻል፣ ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ውስጥ ይቆማል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ለእነዚህ ለሁለቱ የሚሠራው መዳብ ነው። መጠኑ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ በመዳብ መለኪያ አረጋግጡ፣ ለብቻ በሆነ ገንዳ ውስጥ ብቻ አድርጉት። ዋናው አኳሪየም ውስጥ መዳብ ከገባ ሽሪምፑም ቀንድ አውጣውም ኮራሉም አለቀ። ዋናው አኳሪየም ደግሞ ተባዩ በረሃብ እስኪያልቅ ያለ ዓሣ መቆየት አለበት፤ ብዙ ሰው 76 ቀን ይጠብቃል። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ።

ሦስተኛው ብሩክሊኔላ ነው፣ ክላውንፊሽን በጣም ስለሚወድ በስሙ ሁሉ ይጠሩታል። ነጠብጣብ የለውም። ዓሣውን በጎን በኩል ስታዩት ቆዳው ደመና የለበሰ ይመስላል፣ ብርቱካናማው ይደበዝዛል፣ ከዚያ ንፍጥ የመሰለ ነገር እየተላጠ ከጀርባው ይንጠለጠላል። ከባሕር የተያዙት ላይ ይበዛል። ሲያይል በሁለት በሦስት ቀን ይገድላል። መዳብ እዚህ ምንም አይሠራም፣ መዳብ ጨምሮ መጠበቅ ዓሣውን መቅበር ነው። በዋናነት የሚሠራው የፎርማሊን እጥበት ነው፤ ለብቻ በሆነ ዕቃ፣ አየር እየገባለት፣ መድኃኒቱ ላይ በተጻፈው መጠንና ሰዓት። ፎርማሊን ለእናንተም መርዝ ነውና ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። መድኃኒቱ እስኪደርስ፣ ሙቀቱና ፒኤቹ በተስተካከለ፣ አየር በሚገባበት ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያህል ብታቆዩት ትንሽ ትንፋሽ ይሰጠዋል፣ አያድነውም ግን። ከእጥበቱ በኋላ ወደመጣበት ውሃ አትመልሱት፣ ንጹሕ ገንዳ ይጠብቀው።

ሁለቱ ተጣሉ

ክላውንፊሽ ሁሉ በወንድነት ይጀምራል፣ ከመካከላቸው ትልቋና ኃይለኛዋ ሴት ትሆናለች፣ አንዴ ሴት ከሆነች መመለስ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መነካከስ ይኖራል። ትንሹ ወደ ጎን ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያንቀጠቅጥ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ "እሺ እመቤቴ" እያለ ነው። ችግሩ ክንፍ ሲቀደድ፣ ወይም አንዱ ከጥግ ወጥቶ መብላት ሲያቅተው ነው። ኃይለኛዋን ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ሳጥን አኳሪየሙ ውስጥ ለጥቂት ቀን አግቷት፣ እየተያዩ ይክረሙ። ሁለቱም ትልልቅ ከሆኑ ሁለት ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ አይታረቁም፣ አንዷን መልሱ። አዲስ ጥንድ ስትገዙ አንዱ ትልቅ አንዱ በጣም ትንሽ ይሁን።

ዝርያም አታደባልቁ። ሱቅ ውስጥ የሚበዛው ኦሴላሪስ ከእስያና ከሰሜን አውስትራሊያ ባሕር ነው፣ ሦስት ነጭ መቀነት አለው። የጎረቤታችን የቀይ ባሕር ክላውንፊሽ ደግሞ ሁለት መቀነት ነው ያለው፣ እስከ 14 ሴንቲሜትር ያድጋል፣ ጠበኛ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስገብቶ ሰላም መጠበቅ ዘበት ነው።

አኔሞኒውን አያየውም

አያስፈልገውም። ያለ አኔሞኒ ዕድሜውን ሙሉ ደህና ይኖራል። አኔሞኒ ኃይለኛ ብርሃንና ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ የተረጋጋ ውሃ ይፈልጋል፤ አዲስ አኳሪየም ውስጥ ሲሞት ውሃውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ካላችሁ ደግሞ ታገሡ። ለመግባት በሳምንት የሚወስንም አለ፣ በዓመትም የማይገባ አለ። ኮንዲላክቲስ የሚባለውን የካሪቢያን አኔሞኒ ግን አትግዙ፣ ዓሣውን ራሱ ሊበላው ይችላል።

ሁለት ሳምንት ደህና ቆይቶ ፈዘዘ

ጨዉን ለኩ። ውሃ ሲተን ጨው አይተንም፣ ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይከርራል። የጎደለውን ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ሙሉ። ከፍ ብሎ ካገኛችሁት ባንዴ አታውርዱት፣ በሁለት ሦስት ቀን አድርሱት።

ጠፋ

መጀመሪያ ከአኳሪየሙ ጀርባ ወለሉን እዩ። ክላውንፊሽ ይዘላል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶችና ሲባረር። ስንጥቡ ገና ከተንቀሳቀሰ እጃችሁን አርጥባችሁ ቶሎ መልሱት፣ ብዙዎች ተርፈዋል። ከዚያ መረብ ያለው ክዳን አድርጉ። የመስታወት ክዳን ከሆነ ለአየር ክፍተት ተዉለት፣ ክፍተቱ ግን ከዓሣው ይጥበብ።