ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፦ ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት

የሉፐስ አንቲኮአጉላንት ስሙ ራሱ ያሳስታል። አንቲኮአጉላንት ሲባል ደም የሚያቀጥን ይመስላል፤ ታካሚዋ ግን የመጣችው እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ወይም ጽንስ በተደጋጋሚ ወርዶባት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት የሚባለው ሰውነት በራሱ ላይ ያመረተው አንቲቦዲ በምርመራው ፈሳሽ (ሪኤጀንቱ) ውስጥ ያለውን፣ ደም ለመርጋት የሚያስፈልገውን ፎስፎሊፒድ የተባለ ቅባት ይይዝበታል፣ ስለዚህ ቱቦ ውስጥ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ሰውነት ውስጥ ተቃራኒው ነው የሚሆነው።

ከአቀዳዱ እንጀምር፣ ብዙው ስህተት እዚያ ነውና። 3.2 በመቶ ሲትሬት (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) ያለው ቱቦ ያዙ፣ እስከ ምልክቱ ይሙላ። 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት ነው። ከተቻለ ሄፓሪን ወይም ዋርፋሪን የተባሉት ደም ማቅጠኛዎች ሳይጀመሩ ይቀዳ። ከዚያ ሁለት ጊዜ በሴንትሪፉጅ አሽከርክሩት። አዎ፣ ሁለት ጊዜ! ከመጀመሪያው በኋላ ፕላዝማውን (ከላይ የሚንሳፈፈውን የደም ፈሳሽ) በፕላስቲክ ፒፔት ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ የፕላስቲክ ቱቦ አዙሩ፣ ከቀዩ ደም በላይ ያለችውን ስስ ነጭ ሽፋን እንዳትነኩ፣ እንደገና ይሽከርከር፣ አሁንም ከሥር ትንሽ ተዉ። የሚቀረው ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ጥቃቅን ሕዋስ) በማይክሮሊትር ከ10,000 በታች መሆን አለበት። ይሄ ሁሉ ለምን? ፕላዝማው በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ የቀረው ፕላትሌት ይፈነዳል፣ ፎስፎሊፒድ ይለቃል፣ አንቲቦዲው እሱ ላይ ይጠመዳል፣ እናንተም ኔጌቲቭ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እኔ ውጤት ግራ ሲያጋባኝ መጀመሪያ የማየው ማሽኑን ሳይሆን ያቺን ቱቦ ነው።

ምርመራው ሁለት ነው፤ ሁለቱም ፕላዝማው ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ይለካሉ፣ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ዲአርቪቪቲ የሚባለው በእባብ መርዝ ፋክተር 10 የተባለውን የደም ማርጊያ ፕሮቲን በቀጥታ ያነቃል፤ ሁለተኛው ፎስፎሊፒዱ አነስ ያለ፣ በሲሊካ የሚሠራ፣ ኤፒቲቲ የሚባለው ነው። ከሁለቱ የአንዱ እንኳ ሰዓት ከረዘመ ፕላዝማውን ከጤነኛ ሰዎች ፕላዝማ ጋር እኩል ቀላቅላችሁ ድገሙት። ከተስተካከለ ፋክተር ጎድሎ ሊሆን ይችላል፣ ደካማ አንቲቦዲም እንዲህ ሊያታልል ስለሚችል ቶሎ አትዝጉት። ካልተስተካከለ የሚያግድ ነገር አለ። ቀጥሎ ፎስፎሊፒድ የበዛበትን ሪኤጀንት ተጠቀሙ፤ ሰዓቱ በደንብ ካጠረ ሉፐስ አንቲኮአጉላንቱን አገኛችሁት።

መድኃኒቱን ግን ጠይቁ። ሪቫሮክሳባን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ዲአርቪቪቲው በውሸት ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ደግሞ ሲአርፒ (የብግነት ምልክት የሆነ የደም ፕሮቲን) ከፍ ስለሚል ኤፒቲቲው ሊረዝም ይችላል።

የካርዲዮሊፒንና የቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን 1 አንቲቦዲዎችም አብረው ይለካሉ፣ አይጂጂም አይጂኤምም የተባሉት የአንቲቦዲ ዓይነቶች። እነዚህ የመርጋት ምርመራ ስላልሆኑ ደም ማቅጠኛ ያን ያህል አያውካቸውም። ሉፐስ አንቲኮአጉላንቱም እነዚህ ሁለቱም፣ ማለትም ሦስቱም ፖዘቲቭ የሆኑበት ሰው ስጋቱ ከሁሉም ይብሳል።

አንድ ፖዘቲቭ ውጤት በሽታ አይደለም። ኢንፌክሽን ለጊዜው አንቲቦዲ ሊያወጣ ስለሚችል ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገማል። የሚደገምበትን ቀንና ታካሚዋ የምትወስደውን መድኃኒት ሪፖርቱ ላይ ጻፉት፤ አለበለዚያ ያቺ የመጀመሪያዋ ወረቀት ፋይል ውስጥ ተቀምጣ፣ ምናልባት ያለምክንያት፣ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ታስውጣለች።