ሀውሳ ለጀማሪ፦ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንሥራ?

ሀውሳ በሰሜን ናይጄሪያና በደቡብ ኒጀር በሚሊዮኖች የሚነገር ቋንቋ ነው። ለአማርኛ የሩቅ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ከአፍሮ-እስያ ቤተሰብ ናቸው። ሰዋስዉን ስትጀምሩት ግን ዝምድናው ቶሎ አይታይም።

1. ግሱን ከመጨረሻ አንሡት። እኛ «አውዱ መጽሐፍ አነበበ» እንላለን። ሀውሳዎች «አውዱ ያ ካራንታ ሊታፊ» ይላሉ። ካራንታ ማንበብ፣ ሊታፊ መጽሐፍ ነው።

2. «ያ»ን አጥብቃችሁ ያዙ። ጨዋታው ያለው እሷ ላይ ነው። አማርኛ አድራጊውንም ጊዜውንም ግሱ ላይ ይለጥፋል፦ አነበብኩ፣ አነበብሽ፣ ያነባል። ሀውሳ ሁለቱንም ከግሱ በፊት ለምትመጣ ትንሽ ቃል ያሸክማል። ላለቀ ድርጊት እነዚህ ናቸው፦ ና (እኔ)፣ ካ (አንተ)፣ ኪን (አንቺ)፣ ያ (እሱ)፣ ታ (እሷ)፣ ሙን (እኛ)፣ ኩን (እናንተ)፣ ሱን (እነሱ)። አንተንና አንቺን መለየት እንግሊዝኛ ተናጋሪን ያደናግረዋል፤ ለእኛ ግን ብርቅ አይደለም። ስም ቢጠራም ትንሿ ቃል አትቀርም፦ «ሀዲዛ ታ ካራንታ ሊታፊ»። «ታ»ን ከዘለላችሁ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል።

3. ጊዜ ለመለወጥ ካራንታን አትንኩ። «አውዱ ያና ካራንታ ሊታፊ» እያነበበ ነው። «አውዱ ዛይ ካራንታ ሊታፊ» ገና ሊያነብ ነው። ለሀዲዛ «ታና» እና «ዛ ታ» ይሆናል።

4. አሉታውን ከሁለት በኩል እጠሩት። «አላነበበም» ስንል «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ይገባሉ አይደል? ሀውሳም እንዲሁ ነው፦ «አውዱ ባይ ካራንታ ሊታፊ ባ»። ሁለተኛዋ «ባ» የምትቀመጠው ከመጽሐፉም በኋላ፣ ጫፍ ላይ ነው። ለወደፊትም «ባ ዛይ ካራንታ ሊታፊ ባ» ይባላል። «እያነበበ አይደለም» ለማለት ግን የኋላዋ «ባ» ትቀራለች፦ «ባ ያ ካራንታ ሊታፊ»። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

5. «ነው» ለማለት ለወንዴና ለብዙ «ኔ»፣ ለሴቴ «ቼ» በሉ። «ዋናን ጊዳ ኔ» ይህ ቤት ነው። «ዋናን ሞታ ቼ» ይህቺ መኪና ናት።

ፊደል የማያሳየው አንድ ነገር አለ፦ ድምፅ ከፍና ዝቅ ማለቱ። በላቲን በተጻፈው ሀውሳም አይታይም፤ በጆሮ ካልሆነ አይለመድም። ቢቢሲ ከ1957 ጀምሮ በሀውሳ ያሰራጫል። አንድ ዜና ክፈቱና ትርጉሙን ትታችሁ «ያና»ን፣ «ዛይ»ንና «ባ»ን ብቻ አድኑ።